ላንድክሩዘር 45 ፒካፕ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

አዲስ አበባ ውስጥ «ሙሉ በሙሉ የታደሰች» እየተባለች የምትሸጥ አንዲት ክሬም ቀለም ላንድክሩዘር 45 ፒካፕ አለች። 150 ሺህ ብር ቀብድ ከፍዬባታለሁ። እስካሁን የተመለሰልኝ 60 ሺህ ብቻ ነው። እኔ የተበላሁትን ሌላ ሰው እንዳይበላ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ለምን እንደተሸወድኩ ልንገራችሁ። ይህችን መኪና ከልጅነቴ ጀምሮ እወዳታለሁ። ሰፈራችን ክትባት ይዛ የምትመጣው እሷ ነበረች፣ ድምጿን ከሩቅ ሰምተን ነበር የምንሮጠው። እና ጋራዡ ውስጥ አብረቅርቃ ቆማ ሳያት፣ አዲስ የወንበር ልብስ፣ ካሶኒው ላይ የተነጠፈ እንጨት፣ ፓራኡርቲው እንደ መስታወት፣ በቃ ልቤ ቀድሞ ገዛት። ሻጩ «የ1986 ሞዴል ኤችጄ 47 ናት፣ ናፍጣ፣ ሞተሯ አብሯት የመጣ ኦሪጅናል» አለኝ። አመንኩት።

የዚችን መኪና ታሪክ ትንሽ የሚያውቅ ሰው ግን ይህን ወሬ እዚያው ይይዘው ነበር። (የመኪናዋ ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።) ቶዮታ በ1951 የሠራው ቢጄ የሚባል ጂፕ ነው የዚህ ሁሉ አባት። ላንድክሩዘር የሚለው ስም በ1954 መጣ። እኛ የምናውቃት 40ዎቹ የሚባሉት በ1960 ጀመሩ፣ 45 ደግሞ ከእነሱ ረጅሟ ናት። ከስሟ ፊት ያለው ፊደል ሞተሯን ይናገራል። ኤፍጄ ከሆነች ባለ ስድስት ሲሊንደር ቤንዚን ናት፣ መጀመሪያ 3.9 ሊትር፣ ከ1975 ጀምሮ ደግሞ ቱኤፍ የሚባለው 4.2 ሊትር። ኤችጄ ከሆነች ባለ ስድስት ሲሊንደር ናፍጣ ናት። ኤችጄ 45 ባለ 3.6 ሊትር ነበረች፣ እሷን ተክታ በ1980 አካባቢ የመጣችው ኤችጄ 47 ደግሞ ቱኤች የሚባለውን 4 ሊትር ሞተር ይዛለች። በ1984 መጨረሻ 70ዎቹ መጡና ጃፓን 40ዎቹን መሥራት አቆመች። ከዚያ በኋላ የቀጠለችው ብራዚል ውስጥ ባንደይራንቴ በሚል ስም የምትሠራዋ ብቻ ነች፣ እሷም እስከ 2001።

ስለዚህ የ1986 ኤችጄ 47 የሚባል ነገር የለም። ዘግይታ ተመዝግባ ሊሆን ይችላል፣ የተሠራችበት ዓመት ግን 86 ሊሆን አይችልም። እኔ ይህን ያወቅኩት ብሬን ከሰጠሁ በኋላ ነው።

ሊብሬውን ስጠይቅ «ባንክ ነው ያለው» ተባልኩ። በስልክ ያሳዩኝ ፎቶ ላይ የሻንሲ ቁጥሩ ያለበት ቦታ ደብዝዟል። እንግዲህ እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ።

በአራተኛው ቀን የማውቀውን አንድ የድሮ መካኒክ ይዤ ሄድኩ። ገና ኮፈኑ ሲከፈት ዝም አለ። ከዚያ በጣቱ ከፓምፑ ወደ ኖዝሎቹ የሚሄዱትን ቀጫጭን ቱቦዎች አንድ በአንድ እየነካ ቆጠረልኝ። አራት ናቸው። የኤችጄ 47 ሞተር ለእያንዳንዱ ሲሊንደር አንድ፣ ስድስት ነው የሚኖረው። ውስጥ ያለው ከዳይና ወይም ከኮስተር የሚገኘው ስሪቢ የሚባል ባለ አራት ሲሊንደር ናፍጣ ሞተር ነው፣ ቁጥሩም ሞተሩ ብሎክ ላይ ተመትቷል። ቀጥሎ በቀኝ በኩል ከፊት ጎማው አጠገብ ያለውን የሻንሲ ብረት በሽቦ ብሩሽ ፋቀው። ወፍራም ጥቁር ቀለም ተቀብቶበታል። ቀለሙ ሲነሳ ኤፍጄ 45 የሚል ወጣ። ቤንዚን ሆና የተወለደች መኪና ናት።

በዚያ አላበቃም። ማግኔት በጨርቅ ጠቅልሎ አካሏ ላይ አስኬደ። በሮቹ ላይ ይይዛል። ከጋቢናው በታችና ከኋላ ፓራፋንጎዎቹ ላይ ግን ይወድቃል፣ ከቀለሙ ስር ያለው ብረት ሳይሆን ስቱኮ ነው። ከጋቢናው ጀርባ ሻንሲው ተቆርጦ ተበይዷል፣ ብየዳው ላይ አሁንም ጥቁር ቀለም። ጭነት ለምትሸከም መኪና ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ሞተር መቀየሩ በራሱ ኃጢአት አይደለም። ስሪቢ ጠንካራ ሞተር ነው፣ ብዙ ሰው ናፍጣ እንዲሆንለት ብሎ ያስገባዋል። እውነቱ ተነግሮኝ፣ ሊብሬው ላይም ተስተካክሎ ቢሆን ኖሮ ዋጋ ተከራክሬ እገዛት ነበር። ስም ሲዛወር ግን የሞተርና የሻንሲ ቁጥር ከሊብሬው ጋር ይመሳከራል። ካልገጠመ መኪናዋን ጋራዥ አቁማችሁ ቢሮ ለቢሮ መንከራተት ነው።

ገበያው እንዲህ የሆነው ለምን እንደሆነ ይገባኛል። በእኛ አቆጣጠር በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አሮጌ መኪና ማስገባትን የማይታሰብ አደረገው፣ በ2016 ደግሞ የነዳጅ መኪና ማስገባት ተከለከለ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ ሁሉ እየተቀባ ነው።

የቀብድ ውል ወረቀቱን በተመለከተ፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 ቀብድ የተቀበለው ሰው ውሉን ካልፈጸመ እጥፍ እንዲመልስ ያዛል። የከፈለው ካፈረሰ ደግሞ ቀብዱን ያጣል። የኔ ወረቀት ላይ የተጻፈው «አንዲት ፒካፕ መኪና» ብቻ ነው፣ ሞዴል የለም፣ ዓመት የለም፣ የሞተር ቁጥር የለም። ሻጩም «አንተ ነህ ያፈረስከው» ብሎ ያዘኝ። እባካችሁ፣ ሻጩ በአፉ የሚላችሁን ሁሉ ወረቀቱ ላይ አስጽፉት። «ኤችጄ 47፣ ኦሪጅናል ሞተር፣ ቁጥሩ ይህ» ይባል። እምቢ ካለ ውጡ።

መኪናዋ ባለፈው ሳምንት እንደገና ለሽያጭ ወጥታለች። አሁን አረንጓዴ ሆናለች፣ ዋጋዋም ጨምሯል፣ ዓመቱም ከ1986 ወደ 1983 ወርዷል። የግራው በር ውስጠኛ እጀታ አሁንም የተሰነጠቀ ነው፣ በፎቶው ይታያል። ካገኛችኋት ኮፈኑን አስከፍቱና ቱቦዎቹን ቁጠሩ።