ደሴ ላይ የወሰድኩት የ5 ቀን የድንገተኛ ህክምና ስልጠና፣ ለረቡዕ ስል 4 ኮከብ

"ያ ስልጠና እንዴት ነበር፣ ስማችን ቢወጣ እንሂድ ወይ" የምትሉኝ ስለበዛችሁ አንዴ እዚህ ልፃፈውና ልገላገል። የሰጠውን ድርጅት ስም አልጠራም ምክንያቱም የማማርረው ነገር አለኝ፣ እዛ ያሉት ልጆች ደሞ ጥሩ ልጆች ናቸው፣ ላጣላቸው አልፈልግም።

እኔ ክሊኒካል ነርስ ነኝ። ጤና ጣቢያችን ከደሴ በስተምዕራብ ደጋው ላይ ነው፣ ሰላም ሲሆን በሚኒባስ ግማሽ ቀን ይፈጃል፣ ሲዘጋ ደሞ በቃ ተዘጋ ነው፣ አምቡላንስ አይንቀሳቀስም፣ ሪፈር ብለህ ብትፅፍ ወረቀቱ ኪስህ ውስጥ ነው የሚቀረው፣ ያለነው እኛና የመንደሩ ቃሬዛ ብቻ ነን። ከ2015 ክረምት ወዲህ ይሄ መክፈትና መዝጋት ኑሯችን ሆኗል። ይሄን የምነግራችሁ ስልጠናውን በምን እንደመዘንኩት እንድታውቁ ነው፣ ከተማ ውስጥ ለሚሰራ ሰው ነገሩ ሌላ ሊሆን ይችላል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ፓወርፖይንት ናቸው። ትውውቅ፣ የመክፈቻ ንግግር፣ ፕሪ ቴስት፣ ሻይ ቡና፣ ከዛ የእንግሊዝኛ ስላይድ በእንግሊዝኛ ሲነበብ መስማት። አዳራሹ ፒያሳ አካባቢ ስለሆነ ለትራንስፖርት አሪፍ ነው ግን የጠዋቱ ብርድ አይጣል ነው፣ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ንፋስ በመስኮቱ እየገባ ጋቢ ለብሰን ነበር ኖት የምንይዘው፣ ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥተው በየቀኑ የሚመላለሱት ልጆች ደሞ የመጀመሪያ ቀን በቲሸርት መጥተው ሲንቀጠቀጡ ዋሉ። መብራት ሁለቴ ጠፋ፣ ሁለቴም አሰልጣኙ ፕሮጀክተሩ እስኪመለስ እጁን አጣጥፎ ቆሞ ጠበቀ። እኛ ጋ ቢሆን የምትወልደዋ ሴት ትጠብቅሃለች? አልኩ በሆዴ።

ረቡዕ ሌላ አሰልጣኝ መጣ። ላፕቶፕ የለውም፣ ፌስታል ይዟል። ፌስታሉ ውስጥ ሁለት የበግ ታፋ። ቀኑ የፆም ነው፣ አዳራሹ ውስጥ ደሞ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አለ፣ አንዷ ሲስተር ወዲያው "ዶክተር ይሄ ከማን ሉካንዳ ነው?" አለችው። "ሲስተር አብሽሪ፣ ዛሬ የሚታሰር እንጂ የሚበላ የለም" አላት፣ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ወሎ ነው እንግዲህ፣ ጥያቄው ባይነሳ ነበር የሚገርመኝ።

ታፋውን በቢላ እስከ አጥንቱ ድረስ ሰነጠቀው፣ የግሉኮስ ቱቦ ከስር አሳለፈበት፣ ቀይ ቀለም የተበጠበጠበት ውሃ ከላይ ሰቀለና ለቀቀው፣ "አቁሙት" አለ። መጀመሪያ የወጣው ልጅ ጎዝ (የቁስል ጨርቅ) ከላይ ደራርቦ ተጫነው፣ ደሙ በጎን በጎን ወጣ። ሁለተኛውም እንደዛው። እኔም ብሆን ያንኑ ነበር የማደርገው፣ ስንት አመት ሳደርገው የኖርኩት እሱን ነው እኮ። ከዛ ጣቴን ይዞ ቁስሉ ውስጥ አስገባው፣ ደሙ የሚመጣበትን ቦታ በጣትህ ታገኛለህ፣ ጣትህን ሳታነሳ ጎዙን በሌላኛው እጅ እየጠቀጠቅህ ቀዳዳውን እስከ አፉ ትሞላለህ፣ ከዛ በሁለት እጅህ ሙሉ ክብደትህን ጥለህ ትጫናለህ። ቆሟል ወይ ብሎ ገልጦ ማየት ክልክል። ተራ ጎዝ ስለሆነ 10 ደቂቃ በሰዓት ይዞ አስጫነን፣ 10 ደቂቃ ይሄን ያህል ረጅም መሆኑን አላውቅም ነበር፣ ክንዴ ሁለት ቀን አመመኝ።

ከዛ ቱርኒኬት፣ ማለትም የሚደማን እጅ ወይ እግር ከቁስሉ በላይ አጥብቆ ደሙን የሚያቆም ማሰሪያ። ተሰርቶ የሚሸጠውን አሳየንና መልሶ ቦርሳው ውስጥ ከተተው፣ "እናንተ ጋ ይሄ የለም፣ ነጠላ ያላችሁ አምጡ" አለ። ቢያንስ ሶስት አራት ጣት የሚሰፋ ጨርቅ፣ ከቁስሉ ከ5 እስከ 7 ሳንቲሜትር ከፍ ብሎ፣ ጉልበት ወይ ክርን ላይ ሳይሆን፣ አንዴ ቋጥረህ እንጨት ታስገባለህ፣ ደግመህ ቋጥረህ ደሙ እስኪቆም ታዞራለህ፣ እንጨቱ እንዳይፈታ ታስረዋለህ። እርሳስ ሞከርን፣ ተሰበረ። እስክሪብቶ ሞከርን፣ ሁለት ሆነ። ቀጭን ገመድና የጫማ ማሰሪያ ጭራሽ እንዳታስቡት አለ፣ ስጋውን ይቆርጣል፣ ደም መላሹን ብቻ ይዘጋና ደም ወሳጁ ከስር ስለሚቀጥል መድማቱን ያብሰዋል። ደሞ አንዴ ከታሰረ መንገድ ላይ አይላላም፣ በየጊዜው ማላላት ሰውየውን በጠብታ በጠብታ መጨረስ ነው አለ።

እዚህ ጋ እኔ ከአዳራሹ ወጣሁ። በጦርነቱ ጊዜ፣ 2014 ላይ ደሴ ጥቅምት 20 ከተያዘች እስከ ህዳር 27 እስክትለቀቅ ድረስ የምንልክበት ቦታ አልነበረንም፣ ትልቁ የደሴ ሆስፒታል ራሱ ተዘርፎ ባዶውን የቀረበት ጊዜ ነው። አንድ ምሽት ታፋው ላይ የተመታ ገበሬ በቃሬዛ አመጡልን። ያለን ገመድ ነበር፣ በገመድ አሰርኩት፣ ተማሪ ሆኜ ከሰው እንደሰማሁት ደሞ እግሩ ደም እንዲያገኝ ብዬ በየ15 ደቂቃው እያላላሁለት ሌሊቱን ሙሉ አጠገቡ ተቀምጬ ነጋ። ሊነጋጋ ሲል አረፈ። ወንድሞቹ አመስግነውኝ ሄዱ። የአዳራሹ በረንዳ ላይ እንደቆምኩ ሻይ የምታፈላዋ ልጅ ምንም ሳትጠይቀኝ ብርጭቆ ሰጠችኝ፣ ጠጥቼ ተመለስኩ። ይሄን ያወራሁት እንድታዝኑልኝ አይደለም፣ "አንዴ ከታሰረ አይላላም" የምትለዋ ይቺ አንዲት አረፍተ ነገር ለስንቶቻችን ሳትነገር እንደቀረች አስቡት።

የሰዓቱ ጉዳይ ደሞ አለ። የታሰረበት ሰዓት ታካሚው ግንባር ላይ ወይ ቱርኒኬቱ ላይ ይፃፍ አለ፣ ሁላችንም ፃፍን፣ ግማሾቻችን 8:30 ግማሾቻችን 14:30። ያው ተመሳሳይ ሰዓት ነው፣ ግን ሆስፒታል የሚቀበለው ሰው 8:30ን በፈረንጅ ካነበበው ታካሚው ከታሰረ 6 ሰዓት ተጨማሪ ሊመስለው ነው፣ እግር ይቆረጥ አይቆረጥ የሚለው እኮ በዚህ ሰዓት ነው የሚወሰነው። ግማሽ ሰዓት ተከራከርንበት። በመጨረሻ "ቀን" የሚለውን ቃል ጨምራችሁ "ቀን 8:30" ብላችሁ ፃፉ ተባለ። መፅሐፍ ላይ የማይገኝ ነገር ስለሆነ ደስ አለኝ።

ግን ትልቁ ቅሬታዬም እዚሁ ረቡዕ ላይ ነው። ከታሰረ 2 ሰዓት ካለፈው እግሩ አደጋ ላይ ነው ይባላል፣ እኛ ጋ ደሞ ቃሬዛው አስፋልት እስኪደርስ ብቻ ከዛ ይበልጣል። መንገዱ ረጅም ከሆነና ታካሚው ሾክ ውስጥ (ደም አንሶት ሰውነቱ መዳከም) ካልገባ ቁስሉን በደንብ ጠቅጥቆ ቱርኒኬቱን ወደ ፋሻ የመቀየር ዘዴ አለ፣ ከማላላት የሚለየው ቁስሉ ተጠቅጥቆ፣ አይንህ እላዩ ላይ ሆኖ፣ እንደገና ለማጥበቅ ተዘጋጅተህ ስለሆነ። ለዚህ የተሰጠው ጊዜ 20 ደቂቃ ነው! ልምምድም የለውም፣ ምሳ ደርሷል ተባለ። ስልጠናው አምቡላንስ ለሚመጣለት ሰው የተዘጋጀ መሆኑ የታወቀኝ ያን ጊዜ ነው። ለእኛ ቢሆን ሙሉ ከሰዓት ይገባው ነበር።

ሐሙስ ስለ ወላዶች ደም መፍሰስ ነበር፣ እሱም ጥሩ ነው። ሚድዋይፏ አሰልጣኝ ቀይ ውሃ አንሶላ ላይ፣ ወለል ላይ፣ ሞዴስ ላይ አፍስሳ "ስንት ነው ገምቱ" አለችን። አንሶላው ላይ ያለውን እኔ 300 ሚሊ አልኩ፣ 700 ነበር። ከእኛ ውስጥ አብዝቶ የገመተ አንድም ሰው የለም፣ ሁላችንም አሳነስን። ለዚህ ነው ከእናቲቱ ስር የሚነጠፍ መስመር ያለው ላስቲክ የመጣው፣ በፈረንጅ 2023 ላይ በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በታንዛኒያና በደቡብ አፍሪካ 80 ሆስፒታሎች ውስጥ ደሙን በሱ እየለኩ ማህፀን ማሸት፣ ኦክሲቶሲን (ማህፀን የሚያኮማትረው መርፌ)፣ ትራኔክሳሚክ (የረጋ ደም እንዳይሟሟ የሚያደርገው መድሀኒት)፣ በደም ስር የሚሰጥ ፈሳሽና ምርመራውን አንድ ላይ ሲጀምሩ ከወሊድ በኋላ የሚመጣው ከባድ የደም መፍሰስ ችግር በ60 ፐርሰንት ቀነሰ። ላስቲኩን አልሰጡንም። "ታዲያ እኛ ምን እናንጥፍ?" ብዬ ጠየቅኩ፣ ሚድዋይፏ እውነተኛ ሰው ነች፣ "የማዳበሪያ ላስቲክ እጠቡና ከስሩ ባልዲ አድርጉ፣ ባልዲውን በሊትር ምልክት አድርጉበት" አለች። አደረግነው፣ ይሰራል።

ትራኔክሳሚክ አሲድ ላይም ጠንከር ብላ ነው ያስረዳችው፣ 1 ግራም በደም ስር በ10 ደቂቃ ቀስ ብሎ፣ መድማት ከጀመረ በ3 ሰዓት ውስጥ፣ በየ15 ደቂቃው መዘግየት ጥቅሙ 10 ፐርሰንት ይቀንሳል። ለተመታም ለወለደችም ያው መድሀኒት ነው፣ ፍሪጅ አይፈልግም፣ ኦክሲቶሲን ግን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ካልተቀመጠ ኃይሉን እያጣ ይሄዳል። የእኛ ፍሪጅ በሶላር ነው፣ ክረምት ላይ ደመናው ሲከብድ ምን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ። ኦክሲቶሲን ለሚበላሽበት ቀን ሚሶፕሮስቶል ኪኒን እንደሚያገለግል ብታነሳም ቶሎ አለፈችው።

አርብ ፖስት ቴስት፣ ሰርተፊኬት፣ ፎቶ። የአበሉ ነገር እንደተለመደው ነው፣ አልፃፍም፣ የሚያውቀው ያውቀዋል። የአልጋ ሒሳብ ቀድማችሁ ከኪሳችሁ እንደምትከፍሉ ብቻ እወቁና ብር ይዛችሁ ሂዱ።

የሰልጣኝ ምርጫው ግን ያበሳጫል። ከ24 ሰው ውስጥ ስድስት ሰባቱ ከቢሮ የመጡ ናቸው፣ ሪፖርት የሚሰበስቡ እንጂ ሌሊት ዲዩቲ የሚገቡ አይደሉም፣ አጠገቤ የተቀመጠው ጋሼ ራሱ "እኔ ጓንት ካደረግኩ ስምንት አመቴ ነው" አለኝ በግልፅ፣ መልካም ሰው ናቸው፣ ግን የሳቸው ወንበር ላይ የኛ ጤና ኬላ ልጅ መቀመጥ ነበረባት፣ መጀመሪያ ደም የሚያየው እሷ ናት። ክትትሉ ደሞ በቴሌግራም ነው ተባለ፣ ቪዲዮ እንልካለን አሉ። ዳታ በሚጠፋበት ቦታ 180 ሜጋ ቪዲዮ! ወረቀት ላይ የታተመ ባለ አንድ ገፅ ቢሰጡን ግድግዳ ላይ እንለጥፈው ነበር። የተለማመድንበትን ቱርኒኬትም ቆጥረው መልሰው ወሰዱት።

ታዲያ ልሂድ ወይ ለምትሉኝ፣ ሂዱ። ስማችሁ ቢወጣ እሺ በሉ፣ ሰኞና ማክሰኞን ታገሱ፣ ረቡዕ የፊት ወንበር ያዙ፣ የማትሳሱለት ነጠላ ይዛችሁ ሂዱ። የረቡዑን አሰልጣኝ ሰዓት ቢያልቅም ቱርኒኬት ወደ ፋሻ መቀየሩን ካላሳየኸን አንወጣም በሉት፣ ሰውየው አይሰለችም።

እኔ ስመለስ ሰኞ ገበያ ወርጄ ከአንድ የእርሻ ዕቃ ሻጭ የመዶሻ እጀታ ገዛሁ፣ አንድ ስንዝር አስቆርጬ ከተቀደደ ነጠላ ጋር አስሬ የድንገተኛ ክፍሉ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት። የፅዳት ሰራተኛችን እትዬ የማገዶ እንጨት መስሏቸው ሁለቴ ጣሉት፣ አሁን እላዩ ላይ "እንዳይጣል" ብዬ በቀይ ፅፌበታለሁ።