ሃርድቶፕና 35 ኢንች ጎማ፦ ባሕር ዳር ላይ የገጠመኝ

ለገናና ለጥምቀት ባሕር ዳር የምትገቡ፣ ለቤተሰብ መኪናም ትልቅ ጎማ ላስገባ ብላችሁ የምታስቡ ካላችሁ ይቺን አንብቡ። ታዲያ ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ነው።

ሌላውን ቶሎ ልጨርሰው። ሆቴሉ ደህና ነበር፣ ሠራተኞቹ ሰው አክባሪ ናቸው። ባጃጆቹ ጨዋ ናቸው። ወደ ዘጌ የሚወስዱት ጀልባዎች ዋጋ ግን አነጋገራችሁን ሰምቶ ከፍ ይላል፤ ዘመድ ይደራደርላችሁ። ዓሣውማ አይነሳ። እዚህ ዴንቨር በረዶ ሆኖ የሚሸጥልንን ዓሣ ከጣና ቆረሶ ጋር አንድ ላይ መጥራት ነውር ነው። ከዚህ ሁሉ ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ ያለው ጋራዥ ላይ ነው።

ታላቅ ወንድሜ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተሠራች ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር አለችው። ያቺ ቱርቦ የሌላት፣ 4.2 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር ናፍጣ። ሥራው ፎገራ ነው፤ ሩዝ ይጭናል፣ ሰው ያደርሳል። ፎገራን በክረምት ያየ ያውቀዋል። ከአስፋልቱ ወርዳችሁ ዋልካው ውስጥ ከገባችሁ ጎማው ይሰምጣል፣ ዲፈረንሻሉ ጭቃው ላይ ቁጭ ይላል። ከዚያ በኋላ ያለው በሬ ፍለጋ ነው።

ስለዚህ ጎማ ልግዛልህ አልኩት። ሐሳቡ ትክክል ነው፣ ዛሬም አልቀየርኩም። ባሌስትራ ብታስነሱ ከፍ የሚለው ቦዲው ነው። ዲፈረንሻሉን ከመሬት የሚያርቀው ጎማ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ከጭማሪው ግማሹን ነው የሚሰጠው። የወንድሜ መኪና ከፋብሪካ ይዛ የወጣችው 7.50 በ16 ጎማ ቁመቱ 32 ኢንች ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። 35 ሲገባ ዲፈረንሻሉ የሚነሳው አራት ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሲያወሩት ትንሽ ይመስላል። ጭቃ ውስጥ ግን አራት ሳንቲ ሜትር አዳሪና ገቢ ይለያል።

ዴንቨር እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራ ጋራዥ ሞልቷል። ሰዓታቸው ከ100 ዶላር በላይ ነው፣ ያቃጥላል። ግን መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ ስለ ጎማው አይደለም። የዲፈረንሻሉ ጥርስ ስንት ነው ይሏችኋል። ጎማ ሲያድግ በአንድ ዙር የሚሄደው መንገድ ይረዝማል፤ ሞተሩ ደግሞ ያው የድሮው ነው። ስለዚህ ዳገት ላይ ይደክማል፣ ፍሪሲዮን ይበላል። መድኃኒቱ ጥርሱን መቀየር ነው። የወንድሜ መኪና ከፋብሪካ 4.11 ናት፤ ጎማው አንዴ ሲዞር ወደ ዲፈረንሻሉ የሚገባው ዘንግ 4.11 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። 35 ጎማ አድርጋ የድሮ ጉልበቷን እንድታገኝ 4.5 ያህል ትፈልጋለች፤ ገበያ ላይ ለዚህ የሚቀርበው 4.56 ነው። የፊቱም የኋላውም አብሮ ነው የሚቀየረው። አንዱን ብቻ ቀይራችሁ ፎር ዊል ካስገባችሁ ፊትና ኋላ ይጓተቱና የሆነ ነገር ይሰበራል።

ይህን ሁሉ ለጋራዡ ባለቤት አስረዳሁ። ስም አልጠራም። ወጣት ነው፣ አፉ ማር ነው። «የኔ ወንድም፣ አታስብ! እኛ የማናውቀው ላንድክሩዘር የለም» አለኝ። ጥርሱን ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ እንደሚያስመጣ ነገረኝ። የድሮው ቸርኬ 5.5 ኢንች ስለሆነ 12.50 ኢንች ስፋት ያለውን ጎማ አይዝም፤ ስለዚህ ሰፊ ቸርኬም ተጨመረ። ጎማው፣ ቸርኬው፣ ትልቁ ጎማ ቦታ እንዲያገኝ ቦዲውን ማስነሻው፣ ጥርሱ፣ የእጁ፣ ሁሉም ተደምሮ አንድ ዋጋ ጠራ። በወረቀት ጻፍልኝ ስለው ሳቀብኝ። በኛ አገር ቃል ይበቃል አለ። ወንድሜም በክርኑ ጎሰመኝ፣ ሰው አታስቀይም ነው ነገሩ። ግማሹን ከፈልኩ።

ከዚያ «ነገ» ተጀመረ። ዕቃው ደብረ ማርቆስ ደርሷል። ሾፌሩ ስልክ አያነሳም። መብራት ስለጠፋ ብየዳው ቆሟል። መንገድ ተዘግቷል። እርግጥ አንዳንዱ እውነት ነው፣ መንገዱም በእውነት የሚዘጋበት ጊዜ አለ። ግን መንገድ ተዘግቷል የተባለ ዕለት የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ በዚያው መንገድ መጥታ አብራን እራት በላች። እኔ እየተመላለስኩ መጠየቅ ሆነ ሥራዬ። መኪናዋ ጎማዋ ወልቆ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች፣ ዝናቡ ይወርድባታል፣ ልጆቹ ዳስ ሥር ቡና ያፈላሉ። «ዲያስፖራው፣ ና ቡና ጠጣ!» ይሉኛል። እጠጣለሁ። ቡናው እንኳ ጥሩ ነበር፤ እሱን አልክድም።

እኔ ዕረፍት ላይ ነኝ፣ ብቆጣም ጣና ዳር ቁጭ ብዬ ይወጣልኛል። የወንድሜ ግን እንጀራው ነው። መኪናዋ ቆማ ሳለ ሁልጊዜ ሩዝ የሚያስጭኑት ነጋዴዎች ሌላ መኪና ያዙ። ይህን ማን ይከፍለዋል?

አለቀ ተባልንና ስንሄድ ዋጋው ጨምሯል። ምክንያቱ ዶላር ነው። በሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተለቀቀ ወዲህ ዶላር የማይገባበት ዋጋ የለም፣ ጎማም ከውጭ የሚገባ ነው፣ ይገባኛል። ነገር ግን ጎማዎቹ ዋጋ በተጠራልኝ ቀን መጋዘኑ ውስጥ ተደርድረው ነበር። በእጄ ነክቻቸዋለሁ! የአክስቴ ልጅ ለራሷ መኪና የምትጠይቅ መስላ ደወለችለት፤ ለማስነሳትና ለመግጠም የእጅ ዋጋ ከኔ ግማሹን ጠራላት።

ከፍለን ወጣንና ቤዛዊት ዳገት ላይ ሞከርናት። ባሕር ዳር ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ቱርቦ የሌለው ናፍጣ ድሮውንም አየር ያጥረዋል። ቢሆንም ጥርሷ የተቀየረ መኪና እንዲህ አትሆንም። በሁለተኛ አቃሰተች፣ ወንድሜ ወደ አንደኛ መለሳት፣ ፍሪሲዮኑ ሸተተ። መሪው ደግሞ መንገድ አይዝም፣ ወዲያ ወዲህ ይላል።

ጥርሱ መቀየሩን ዲፈረንሻሉን ሳትፈቱ ማወቅ ትችላላችሁ። የኋላውን በክሪክ አንሡና ካምቢዮውን ፍሪ አድርጉት። ጎማውና ወደ ዲፈረንሻሉ በሚገባው ዘንግ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። ሁለቱንም የኋላ ጎማ እኩል አንድ ሙሉ ዙር አዙሩና ዘንጉ ስንት ጊዜ እንደዞረ ቁጠሩ። 4.56 ቢሆን አራት ተኩል አልፎ መቆም ነበረበት። የኛው አራት ዞሮ ምልክቱን ትንሽ እንዳለፈ ቆመ። የድሮው ጥርስ ነው። ያልተገጠመ ዕቃ ከፍለናል ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ደጉ። አንድ ጎሚስታ ነው ወደ አንድ አዛውንት መካኒክ የላከን። ግቢያቸው ጠባብ ናት፣ ምልክት እንኳ የላትም። ጋሼ መኪናዋን ዞረው ዞረው አዩና «የአባቱን ጫማ ያጠለቀ ልጅ አስመሰሏት» አሉ። ከዚያ ሥሯ ገቡ። የፊቱን ያስነሡት የባሌስትራውን ማንጠልጠያ በማስረዘም ብቻ ስለነበር አክስሉ ዞሮ ተጣሟል፤ መሪው የሚቅበዘበዘው ለዚህ ነው። ከባሌስትራውና ከአክስሉ መሐል የብረት ሽብልቅ አስገብተው አቃኑት። የፍሬኑ ጎማ ቱቦ ከመወጠሩ የተነሣ ሊበጠስ ደርሶ ነበር፣ በረጅም ተኩት። መሪ ሙሉ በሙሉ ሲጠመዘዝ ጎማው ባሌስትራውን እንዳይነካ ማቆሚያውን አስተካከሉ። ያኛው ጋራዥ በፍሌክስ የቆራረጠውን ፓራፋንጎም ጠርዙን አጥፈው ሰው አስመሰሉት። ሥራውን ሳይጀምሩ የእያንዳንዱን ዋጋ በካርቶን ቁራጭ ላይ ጽፈው ሰጡኝ። መጨረሻ ላይ የከፈልኩት ያችኑ ነው።

አንድ ነገር ላይ ብቻ አልተስማማንም። እሳቸው ለዋልካ ሰፊ ጎማ አይወዱም። ጭቃ ይሸከማል እንጂ አይቆርጥም ባይ ናቸው፤ ቀጭኑን 255/85 በ16፣ ማለትም 33 ኢንች የሚሆነውን ቢያደርግ ጥርስም ያን ያህል አያስቸግረውም ነበር አሉ። እኔ ደግሞ የጎማውን ነፋስ ወደ 20 ፒ.ኤስ.አይ. ዝቅ ካደረጉት ሰፊው ይንሳፈፋል እላለሁ። ወንድሜ መሐላችን ሆኖ ሻይ ይጠጣል።

ሄዳችሁ ስታሠሩ እንግዲህ ጥርሱን፣ የፍሬን ቱቦውንና መሪውን ምን እንደሚያደርጉ አስቀድማችሁ ጠይቁ። «እናስገባዋለን» ብቻ ካሏችሁ ቁልፋችሁን ተቀበሉ። ስኮርታውንም አትርሱ፤ አራት ትልቅ ጎማና አንድ ትንሽ ስኮርታ ይዞ ፎገራ መግባት ዋጋ የለውም። የፍጥነት መቁጠሪያውም ይዋሻል። 80 ሲል እናንተ 88 ላይ ናችሁ፤ ፍሬኑ ደግሞ በትልቅ ጎማ እንደድሮው ቶሎ አይዝም።

የጥርሱን ገንዘብ ወንድሜ በሽማግሌ ነው የጠየቀው። ክስ አልፈለገም፣ ነገ መንገድ ላይ እንገናኛለን ይላል። ሰውዬው ግማሹን መለሰ፣ ቀሪውን ለመስቀል አለ። መስቀል አለፈ። 4.56ቱን እኔው ከዚህ ገዝቻለሁ። የፊቱና የኋላው አንድ ላይ ስለሚከብዱ ለገና በሚገቡ ሁለት ዘመዶች ሻንጣ ተከፋፍለው ይሄዳሉ፤ የሚገጥሟቸው ጋሼ ናቸው። እስከዚያ ወንድሜ አምስተኛ ማርሽ የለም ብሎ ይዟታል።