ትሩናስ ከፕሮክስሞክስ ጋር፦ ጎንደር ላይ ወራት ካሰራሁት በኋላ

ፒያሳ አካባቢ ላለ አንድ ሆቴል ነው የተከልኩት። ሁለት ሰርቨር ላይ ፕሮክስሞክስ (አንድ ማሽን ላይ ብዙ ቨርቹዋል ኮምፒውተር፣ ማለትም ቪኤም፣ የሚያሰራ ሶፍትዌር) አለ፣ የቪኤሞቹ ዲስክ በሙሉ ግን ትሩናስ (ማሽኑን የኔትወርክ ስቶሬጅ የሚያደርግ ሲስተም) በተጫነበት ሌላ ማሽን ላይ በኤንኤፍኤስ (ፋይል በኔትወርክ ማጋሪያ መንገድ) ነው የሚቀመጠው። ክረምቱንም ጥምቀትንም (ቡኪንጉም ሂሳቡም እኩል የሚጨናነቅበትን ሰሞን) ስላለፈ አሁን በደንብ አምኜበታለሁ፣ በጣም ወድጄዋለሁ።

ግን ኔትወርክ ስቶሬጅ ስትገዙ ሳጥኑን ብቻ አትዩ። መብራት ሲሄድ ሰርቨሩም ስቶሬጁም ዩፒኤስ ላይ ሆነው የኔትወርክ ስዊቹ በቀጥታ ግድግዳ ላይ ከተሰካ ምን ዋጋ አለው፣ ቪኤሙ ዲስኩን ያጣል፣ ሊኑክስ ከሆነ ደግሞ ፋይል ሲስተሙን ሪድ ኦንሊ (ማንበብ እንጂ መጻፍ የማይቻልበት) አድርጎ ቁጭ ሊል ይችላል። እኔ ጋር ስዊቹም እዛው ዩፒኤስ ላይ ነው። ዩፒኤሱ በዩኤስቢ ከትሩናስ ጋር ተገናኝቷል፣ ባትሪው ሊያልቅ ሲል በኤንዩቲ (የዩፒኤሱን ሁኔታ ለሌሎች ማሽኖች የሚያሳውቅ ሶፍትዌር) በኩል ለሰርቨሮቹ ይነገራቸዋል፣ መጀመሪያ ቪኤሞቹ ይዘጋሉ፣ ከዛ ሰርቨሮቹ፣ ስቶሬጁ መጨረሻ። መብራት ሲመጣ ነው ዋናው ነገር! ሰርቨሩ ቶሎ ተነስቶ ስቶሬጁ ገና ከሆነ ቪኤሞቹ ዲስክ አጥተው ሳይነሱ ይቀራሉ፣ ስለዚህ ፕሮክስሞክስ ላይ ቪኤሞች ከመነሳታቸው በፊት 180 ሰከንድ እንዲጠብቅ አድርጌዋለሁ፣ አሁን ሌሊት መብራት ሄዶ ቢመጣም ማንም ሳይነካው ሁሉም ይነሳል።

ኤንኤፍኤስ ዘገየ ብላችሁ ስትጠይቁ ሲንክን (ዳታው በደንብ መቀመጡ ሳይረጋገጥ ተጽፏል እንዳይባል የሚያደርገውን ሴቲንግ) አጥፉት የሚላችሁ አይጠፋም፣ እባካችሁ እንዳትሰሙት። ፍጥነቱ እውነት ነው፣ ግን ዳታው ዲስክ ላይ ሳይደርስ ተጽፏል ይባላል፣ በዛች ቅጽበት መብራት ከሄደ የመጨረሻዎቹ ጥቂት ሰከንዶች ጽሁፍ ጠፋ ማለት ነው፣ ዳታቤዝ ላይ ደግሞ ይሄ ቀልድ አይደለም። ይልቅ መብራት ቢሄድም የያዘውን የማይጥል፣ ለሰርቨር የተሰራ ትንሽ ኤስኤስዲ ገዝታችሁ ለስሎግ (እነዚህ ጽሁፎች ዋናው ዲስክ እስኪደርሱ በፍጥነት የሚያዙበት ቦታ) ስጡት፣ እኔ ከገባ በኋላ ልዩነቱን ሪሴፕሽን ያሉት ልጆች ራሳቸው ነግረውኛል።

ዲስኮቹ 4 ናቸው፣ ባለ 4 ቴራ፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ ሚረር (አንዱ የሌላው ሙሉ ቅጂ)። ግማሹ ቦታ ይሄዳል፣ ግን ለቪኤም ከሬይድ ፋይቭ አይነቱ (ዳታውንና የማስመለሻ ስሌቱን በሁሉም ዲስክ ከሚበትነው) በጣም ይሻላል፣ አንዱ ሲበላሽም ቶሎ ይተካል። ስትገዙ ሲኤምአር (የጽሁፍ መስመሮቹ የማይደራረቡ ዲስክ) መሆኑን አረጋግጡ፣ ኤስኤምአር (የሚደራረቡበት) ከሆነ የተተካውን ዲስክ መልሶ መሙላቱ ቀናት ሊፈጅ ይችላል። ፑሉንም (ዲስኮቹ ተጣምረው የሚሰጡትን ቦታ) ከ80 ፐርሰንት በላይ አትሙሉት።

ኔትወርኩ በሰከንድ 1 ጊጋቢት ነው፣ በተግባር በሰከንድ 110 ሜጋባይት ገደማ፣ ለሆቴል ስራ ይበቃል፣ ባካፕ ሲወሰድ ብቻ ነው የሚጠበው። ሁለት ኬብል ቦንድ ማድረግ (እንደ አንድ ማጣመር) አንዱ ሲበጠስ ያድናል እንጂ አንድ ኮኔክሽንን እጥፍ አያፈጥነውም።

ስናፕሾት (ዳታው በዛች ቅጽበት የነበረበት ሁኔታ) በየሰአቱ ይወሰዳል፣ ግን እዛው ሳጥን ላይ ስለሆነ ባካፕ ነው ብዬ አልቆጥረውም። ባካፑ አዘዞ ያለ ሌላ ማሽን ላይ ነው፣ በየወሩ አንድ ቪኤም ከዛ አንስቼ ገብቼ አየዋለሁ፣ እስካሁን ሁሉም ተነስቷል።