የፓሊንድሮም ጨዋታው፦ ቁጥር ላይ ጎበዝ፣ ፊደል ላይ ገና

ከፊትም ከኋላም ቢያነቡት የማይለወጥ ቃል ወይም ቁጥር ፓሊንድሮም ይባላል። 1991 እንደዚያ ነው፣ 2002ም። ቀጣዩ እንዲህ ያለ ዓመት 2112 ነው፤ እኔ አልደርስበትም። እነዚህን የሚያስለቅም አንድ የስልክ ጨዋታ ሰሞኑን ይዞኛል። ስሙን አልጠራም፤ ትንሽ ላማው ነው።

ከምወደው ልጀምር። ጨዋታው ቁጥር ከማውጣቱ በፊት ያስገምታል። በዘፈቀደ ከሚወጣ ባለአራት አሃዝ ቁጥርና ከባለአምስት አሃዝ የትኛው ፓሊንድሮም የመሆን ዕድሉ ይበልጣል? ባለአራቱ የሚል ይበዛል። እኩል ናቸው፣ ሁለቱም ከመቶ አንድ። ባለአራቱ ላይ ዳርና ዳሩ መግጠም አለበት፣ የመሃሎቹም ሁለቱ እንዲሁ። ባለአምስቱ ላይም መግጠም ያለበት ያው ሁለት ጥንድ ነው። መሃል የተቀመጠው አሃዝ የፈለገውን ይሁን፣ ከማንም ጋር ጉዳይ የለውም። ጥንድ በተጨመረ ቁጥር ዕድሉ በአስር እጥፍ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ባለስድስቱ ላይ ከሺህ አንድ ይሆናል። ጨዋታው ይህን ሁሉ አይሰብክም። ጥንዶቹን አንድ ዓይነት ቀለም ይቀባና መሃለኛውን ግራጫ አድርጎ ይተወዋል። አንዴ አይቶ መረዳት ነው።

ገልብጦ መደመር የሚለው ክፍል ደግሞ እንቅልፍ ይነሳል፤ ፓሊንድሮም እስኪሆን ድረስ ቁጥሩን እየገለበጡ ራሱ ላይ መደመር ነው። 87 ላይ 78 ሲደመር 165። 165 ላይ 561 ሲደመር 726። ከዚያ 1353፣ ከዚያ 4884። በአራት ደረጃ ተገላገልን። 89ን የነካ ግን ጉዱ ፈላ፤ 24 ደረጃ ወጥቶ 8813200023188 ላይ ነው የሚያርፈው። 196 ሲገባ ቀይ መብራት ይበራና «ይህ ቁጥር ፓሊንድሮም አይሆንም» ይላል። ማን አረጋግጦ? በኮምፒውተር በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር አሃዝ እስኪኖረው ድረስ ተደምሯል፣ አልገጠመም። መቼም አይገጥምም የሚል ማረጋገጫ ግን እስካሁን ያቀረበ የለም። «እስካሁን አልተገኘም» ቢል ምን ነበረበት?

ያናደደኝ ግን የቃላቱ ክፍል ነው። የአማርኛ ምርጫ አለው፣ እሰየው። ማማን፣ ጥጥን፣ ስስን ተቀብሎኛል። ትሁት ብዬ ስጽፍ እንዲያውም ጭብጨባ አሰማኝ። ችግሩ ነጥብ አሰጣጡ ላይ ነው። 231ዱ ፊደላት ሁሉ እኩል ዕድል እንዳላቸው አድርጎ ያሰላል። በዚህ ስሌት ባለሦስት ፊደል ቃል ፓሊንድሮም የመሆን ዕድሉ ከ231 አንድ ነው። ስለዚህ የተገኘውን ሁሉ «ብርቅ!» ይልና ነጥብ ያዘንባል። አማርኛ ግን ዕጣ ተጥሎ አልተጻፈም። ብዙ ግሶቻችን በ«ይ»፣ በ«ት» ወይም በ«ን» ይጀምራሉ፣ በእነዚሁ ማለቅም ይወዳሉ። ይቆይ፣ ይታይ፣ ይለይ። ትሙት፣ ትታት። ንቀን። ይህ የገባው ሰው ደረጃ ሰንጠረዡ አናት ላይ ፊጥ ይላል። እኔም ፊጥ ብያለሁ፣ የሚያኮራ ነገር ግን የለውም። ከኋላዬ ያሉት የባሕር ወሽመጥ ያህል ረጅም ቃል ሲፈልጉ ነው የዋሉት።

አረፍተ ነገር ማስገባትም ይቻላል። «ይቆይ ይታይ ይቆይ» አልኩት። የስብሰባ ውሳኔ ይመስላል፣ ግን ከኋላም ቢነበብ ያው ነው። ተቀበለኝ። እንደ ሥርዓቱ መጨረሻው ላይ አራት ነጥብ ሳደርግበት ግን «ስህተት» ብሎ መለሰው። ለካ «።»ን እንደ ፊደል ነው የሚቆጥራት።

ማስታወቂያ አይበዛበትም፣ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። ከአምስት ኮከብ ሦስት ሰጥቼዋለሁ። የቁጥሩ ክፍል ብቻውን ቢሆን አምስት ይገባው ነበር። የነጥብ አሰጣጡን ካስተካከሉ አራተኛውን እጨምራለሁ፣ አምስተኛው ከ196 ይቅርታ በኋላ።