ከመንገድ በታች ላለ ቤት የቱ የፍሳሽ ፓምፕ ይሻላል? ለጎንደር ገዢዎች የተደረገ ንጽጽር

ጎንደር ላይ ቦታህ ወይ ከመንገዱ በላይ ነው፣ ወይ ከመንገዱ በታች። በላይ የሆነለት ሰው የሽንት ቤቱን ፍሳሽ በቁልቁለት ወደ በሩ ያወርድና ሴፕቲክ ታንኩን አጥሩ ሥር ይቀብራል። ሲሞላ መምጠጫ መኪና ይጠራል፣ መኪናው ቱቦውን ይዘረጋል፣ በቃ። ከመንገዱ በታች የሆነበት ሰው ግን ፍሳሹ ከግቢው ሁሉ ዝቅ ወዳለው ጥግ ይወርድና መኪናው ላይኛው መንገድ ዳር ቆሞ ይቀራል። ፓምፕ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

የሳኒተሪ ሥራ ላይ ስላለሁ ሰው አዘውትሮ የሚጠይቀኝ "የቱ ማርክ ይሻላል?" ብሎ ነው። ከማርኩ በፊት መመለስ ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ፤ ፓምፑ የሚገባው ከሴፕቲክ ታንኩ በፊት ነው ወይስ በኋላ? እዚህ ላይ የተሳሳተ ሰው ምርጥ የጣሊያን ፓምፕ ቢገዛም አይጠቅመውም።

ከታንኩ በፊት ወይስ በኋላ

ታንኩን ታች ቀብረህ ፓምፑን ከታንኩ በኋላ ብታስገባ፣ ድፍድፉ ታንኩ ውስጥ ይዘቅጥና ፓምፑ የጠለለውን ውሃ ብቻ ወደ ላይ፣ ወደ ማስረጊያው ጉድጓድ ይገፋል። ፓምፑ ርካሽ ነው፣ ቱቦውም ቀጭን ይሆናል፣ መደፈንም እምብዛም አያጋጥምም። ችግሩ ዝቃጩ ታች መቅረቱ ነው። በየጥቂት ዓመቱ መውጣት አለበት፤ የሚያወጣው ደግሞ ያው መኪና ነው።

መምጠጫ መኪና የሚሠራው በርሜሉ ውስጥ ያለውን አየር አውጥቶ ነው፤ ዝቃጩን ወደ ላይ የሚገፋው የውጭው አየር ግፊት ነው። በባሕር ወለል ከፍታ ይህ ግፊት ውሃን 10 ሜትር ያህል ሊያነሳ ይችላል። ጎንደር ግን ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስለሚሳሳ በስሌት እንኳ 8 ሜትር አይሞላም። ወፍራም ዝቃጭ ሲሆን ከ5 ሜትር በላይ መኪናው ይቃትታል። ስለዚህ ቦታ ሳይቆፈር በፊት በውሃ ልክ ይለካ፦ መኪናው ከሚቆምበት እስከ ታንኩ ወለል ስንት ሜትር ዝቅታ አለ? ከ5 ሜትር በታች ከሆነና ቱቦውም የሚደርስ ከሆነ ታንኩ ታች ይሁን፣ ፓምፑ ከኋላ ይምጣ። ከዚያ ካለፈ ታንኩ መንገዱ ዳር ይቀበርና ጥሬው ፍሳሽ በፓምፕ ወደ ላይ ይገፋ። መሐል ላይ ላሉት፣ 5 ሜትር አካባቢ ላሉት፣ ሁለተኛውን እመክራለሁ። ዝቃጭ በባልዲ የሚያወጣ ሰው መፈለግ ለሠራተኛው ሕይወት አደጋ ነው።

ጥሬ ፍሳሽ የሚገፉት ሦስቱ

አንድ ጊዜ ያጠፋሁትን ልናገር። ቁልቁለት ላይ ያለ አነስተኛ እንግዳ ማረፊያ ነበር፤ የማረፊያው ባለቤት አንዲት እናት ናቸው። በጀታቸው ጠባብ ስለነበር ወንፊቱ 10 ሚሊ ሜትር ብቻ የሚያሳልፍ፣ ለጎርፍ ውሃ የተሠራ ፓምፕ ጥሬው ፍሳሽ ውስጥ አስገባሁላቸው። ሦስት ሳምንት አልቆየም፣ ደወሉ። "ልጄ፣ ያስገባኸው ሞተር ይጮሃል እንጂ አያወጣም።" "እማማ፣ አንቱ አትንኩት፣ ብሬከሩን ብቻ አጥፉልኝ፣ መጣሁ" አልኳቸው። ክዳኑን ስከፍት ወንፊቱ ላይ ሶፍት፣ ጸጉርና የጌሾ ቅጠል እንደ ምንጣፍ ተለጥፏል፤ ጠላ የተጠመቀበትን ጋን አጥበው አተላውን በወጥ ቤቱ ፍሳሽ ለቀውታል። የፍሎቱ (ፍሳሹ ከፍ ዝቅ ሲል ፓምፑን የሚያስነሳውና የሚያጠፋው ተንሳፋፊ ማብሪያ) ገመድ ደግሞ በአንድ የአንሶላ ቁራጭ ተጠምጥሞ ወደ ላይ እንደተሰቀለ ቀርቷል። ፓምፑ ጉድጓዱ የሞላ መስሎት ሳያቋርጥ ሲሠራ ተቃጠለ። ጥፋቱ የሳቸው አልነበረም፤ አተላ በየቤቱ አለ፣ መምረጥ የነበረብኝ እኔ ነኝ።

ለጥሬ ፍሳሽ ፓምፑ ቢያንስ 50 ሚሊ ሜትር ድፍን ነገር ማሳለፍ አለበት። የመጀመሪያው ዓይነት እንዲህ ያለው ነው፤ ሽክርክሪቱ፣ ማለትም ውሃውን የሚገፋው ተሽከርካሪ ክፍል፣ ወደ ኋላ የገባ ነው፤ ውሃውን እንደ አዙሪት አሽከርክሮ ይገፋል እንጂ ድፍኑ በሽክርክሪቱ መሐል ለማለፍ አይገደድም። እኛ ከተማ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ብዙ ቤት የሚያፈሰው በጣሳ ነው፤ ፍሳሹ ወፍራም ነው። ለዚህ የሚስማማው እሱ ነው። ኤሌክትሪክ ይበላል ይሉታል፤ እውነት ነው፣ ብክነት አለው። ግን አስሉት፤ በቀን 2,400 ሊትር የሚያፈስ ባለ 12 ክፍል ማረፊያ፣ በደቂቃ 150 ሊትር በሚገፋ ባለ 1 ኪሎዋት ፓምፕ 16 ደቂቃ ብቻ ያሠራል። ሩብ ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ለዚህ ቁጠባ ብሎ የሚደፈን ፓምፕ መግዛት አያዋጣም።

ሁለተኛው ባለ ምላጩ፣ ፈጪው ነው። አፉ ላይ ስለት አለው፤ ድፍኑን አድቅቆ በ40 ሚሊ ሜትር ቱቦ ሳይቀር ይገፋል፣ ወደ ላይም ከ20 ሜትር በላይ የሚያወጡ አሉ። ከፍታው ከ12 ሜትር በላይ ከሆነ ወይም ቱቦው ከ100 ሜትር ካለፈ እሱን እመርጣለሁ። ካልሆነ ግን አይግዙ። ዋጋው በጣም ይወደዳል፤ ግቢ ሲታጠብ የሚገባው አሸዋና አመድ ስለቱን ያደነዝዘዋል፤ ጨርቅ ሲያገኘው ደግሞ ይጠመጠምበታል። ተለዋጭ ስለቱ እስኪመጣ ሽንት ቤት ተዘግቶ ይጠበቃል።

ሦስተኛው ከመቀመጫው ጀርባ የሚቀመጠው ትንሽ ሳጥን ነው። ለምድር ቤት አንድ ክፍል ይበቃል፤ ለግቢ አይሆንም። የሚይዘው ጥቂት ሊትር ስለሆነ መብራት ሲሄድ ሽንት ቤቱም አብሮ ይቆማል።

ፓምፑ የሚገባበት ጉድጓድ፦ ኮንክሪት ወይስ ፕላስቲክ

ወደ አዘዞ በኩል መሬቱ ዋልካ ነው፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ደካማ የብሎኬት ግድግዳም አብሮ ይሰነጠቃል። እዚያ ፕላስቲክ ይሻላል፣ ዙሪያው በገረጋንቲ ከተሞላ። ተራራው ወገብ ላይ ድንጋይ ስለሆነ ቁፋሮው ነው ውዱ፤ ጠበብ ያለ የኮንክሪት ቀለበት በቂ ነው።

ሁለት ነገር ግን አደራ። የውሃ ሮቶ መሬት ውስጥ አይቀበርም፤ ግድግዳው የአፈር ግፊት እንዲሸከም አልተሠራም፣ ይጨመደዳል። ለመቀበር የተሠራው የፕላስቲክ ጉድጓድም ቢሆን ወለሉ በኮንክሪት መታሰር አለበት። 1,000 ሊትር የሚይዝ ባዶ ጉድጓድ ክረምት ላይ ውሃ በጠገበ አፈር ውስጥ ሲሆን አንድ ቶን ያህል ኃይል ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ተነቅሎ ቱቦውን ሰብሮ ይወጣል።

መጠኑን በተለመደ ቀን አትለኩ። ማረፊያ ያላችሁ በጥምቀት ሳምንት ክፍሉ ሁሉ ሞልቶ፣ ሳሎን ላይ ፍራሽ ተነጥፎ በሚታደርበት ቀን ለኩ። ያን ቀን የሚወጣውን ፍሳሽ፣ ፓምፑ ሳይሠራ ለ24 ሰዓት መያዝ የሚችል ጉድጓድ ይሁን። መብራት አለመኖሩን የሚሸከመው ጉድጓዱ ነው። ጄኔሬተር አለኝ ለሚል ሰው ደግሞ፣ ተራ የቤንዚን ሞተር በዚህ ከፍታ ከተጻፈበት ጉልበት አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል፤ ፓምፕም ሲነሳ ከተለመደው ብዙ እጥፍ ይስባል። ለ1 ፈረስ ጉልበት ፓምፕ ከ3 ኪሎዋት ያላነሰ ጄኔሬተር ይያዝ። የጣሪያ ውሃ ፈጽሞ ወደዚህ ጉድጓድ አይግባ፤ የሐምሌ አንድ ዝናብ የ24 ሰዓቱን ቦታ ይበላዋል።

አንድ ፓምፕ ወይስ ሁለት

ለአንድ ቤተሰብ አንድ ፓምፕና የሚጮህ ማንቂያ ይበቃል። ለኪራይ ቤት፣ ለማረፊያ፣ ለክሊኒክ ሁለት ፓምፕ በተራ የሚሠሩ ይግቡ፤ አንዱ ሲበላሽ ሌላው ይይዛል። ገንዘብ ካነሰ ማርኩን ዝቅ አድርጋችሁ ሁለት ግዙ እላለሁ።

ፓምፑ በመንሸራተቻ ብረት ላይ ወርዶ በሰንሰለት የሚወጣ ይሁን። የዚህ ብረት ዋጋ ሲቆጠብ አይቻለሁ፤ ትርፉ ሰው ወደ ጉድጓዱ መውረዱ ነው። እዚያ ውስጥ ያለው ጋዝ በጥቂት ትንፋሽ ራስ ያስታል፤ ሊያወጣ የወረደውንም ይዞ ያስቀራል። ክዳን ከፍቶ አየር ማስወጣት ብቻውን መድን አይሆንም። ማንም አይውረድ። ከጣሪያ በላይ የሚወጣ የአየር ቱቦም ይኑረው።

የተገፋው ፍሳሽ ተመልሶ እንዳይወርድ የሚያግደው ቼክ ቫልቭ ከጉድጓዱ ውጭ፣ በራሱ ማንሆል ውስጥ ከጌት ቫልቭ (በእጅ ከሚዘጋው መዝጊያ) ጋር ይግባ። ባለ ኳሱን ምረጡ፤ ባለ ክዳኑ ላይ ሶፍት ሲይዘው አይዘጋም፣ የተገፋው ሁሉ ተመልሶ ይወርዳል። የፍሎቱ ልክ ደግሞ እንዲህ ይታሰብ፦ 40 ሜትር ርዝመት ያለው፣ ውስጡ 50 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦ 80 ሊትር ገደማ ይይዛል። ፓምፑ በተነሳ ቁጥር ከዚያ የበለጠ፣ ለምሳሌ 100 ሊትር ካልገፋ አሮጌው ፍሳሽ ቱቦ ውስጥ ይከርምና ይጠጥራል። ስፋቱ 1 ሜትር በሆነ ክብ ጉድጓድ ይህ 13 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ነው።

ሱቅ ስትገቡ ፓምፑ ላይ በተለጠፈው ሳህን ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። "ከፍተኛ 12 ሜትር፣ ከፍተኛ 300 ሊትር በደቂቃ" ካለ ሁለቱ ባንድ ጊዜ አይገኙም፤ 12 ሜትር ላይ ምንም አያወጣም፣ 300 ሊትር የሚሰጠው ደግሞ ከፍታ በሌለበት ነው። ሻጩን የፓምፑን ግራፍ አምጣ በሉት፤ የናንተን ከፍታ ከቱቦውና ከክርኖቹ ሰበቃ ጋር ደምሩና በዚያ ላይ ቢያንስ 90 ሊትር በደቂቃ ይሰጣል ወይ ብላችሁ እዩ። ከዚያ በታች ከሆነ በ50 ሚሊ ሜትር ቱቦ ውስጥ ፍሳሹ ይዘቅጣል። ቀጥሎ የዘንጉ ሲል (ውሃ ወደ ሞተሩ እንዳይገባ የሚከለክለው) እና ካፓሲተሩ (ሞተሩን ለማስነሳት የሚያግዘው) እዚሁ ጎንደር መደርደሪያው ላይ አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ፤ ካለም አውርዶ ያሳያችሁ።