«አንታርክቲካ ላይ ተንበርክከህ ቀለበት ታስርላታለህ» የሚሏችሁን ፓኬጅ እንዳትገዙ

ከመርከቡ ከወረድን ገና ሦስተኛ ቀናችን ነው፤ ንዴቱ አልወጣልኝም። በቴሌግራምና በቲክቶክ ጉዞ የሚሸጡትን ደላሎች ታውቋቸዋላችሁ። «ወንድሜ፣ ሁለት ካቢን ብቻ ነው የቀረው፣ ዛሬ ቀብድ ካላስያዝክ ያመልጥሃል» ይላሉ። ጥያቄ ስታበዛባቸው ደግሞ «ሐሳብ አይግባህ፣ እኛ እንጨርሰዋለን» ነው መልሳቸው። የእኔውም ከቲኬቱ ዋጋ ላይ 2,400 ዶላር ጨምሮ «የጋብቻ ጥያቄ ፓኬጅ» ሸጠልኝ። ለሁለት ብቻ የተለየ የጎማ ጀልባ፣ ማንም የሌለበት ዳርቻ፣ የትኩስ አበባ ቅስት፣ ሻምፓኝ፣ የድሮን ቪዲዮ፣ በመጨረሻም ፔንጉዊኖቹ መሃል ተንበርክኮ ቀለበት ማሰር። ወረቀቱ ላይ ሰዓቱ ሳይቀር ተጽፏል፦ ኔኮ ሃርበር የሚባለው የአንታርክቲካ ዳርቻ፣ አራተኛው ቀን፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት።

ጉዱን ያወቅሁት በደቡብ አሜሪካና በአንታርክቲካ መካከል ያለውን ባሕር፣ ድሬክ መተላለፊያን፣ ስናቋርጥ ነው። ከአርጀንቲናዋ ኡሽዋያ ተነስቶ ለመድረስ ሁለት ቀን ያህል ይፈጃል፤ በነዚያ ቀናት የሚሰጠውን የግዴታ ገለጻ ያልሰማ ሰው መሬት አይረግጥም። መርከቡ ይናወጣል፣ አዳራሹ ጢም ብሏል። የጉዞ መሪዋ ስክሪኑ ላይ ሦስት ሥዕል አወጣች፦ የተቀመጠ ሰው፣ የተኛ ሰው፣ በአንድ ጉልበቱ የተንበረከከ ሰው። ሦስቱም ላይ ቀይ መስመር ተሰምሮባቸዋል። «ከጫማችሁ በቀር መሬቱን የሚነካ ነገር አይኖርም። ቦርሳም አይቀመጥም፣ ጉልበትም አይነካም» አለች። ቀለበቱ የጃኬቴ የውስጥ ኪስ ውስጥ ነበር። እጮኛዬ እንድትሆን ልጠይቃት ያሰብኳት ልጅ አጠገቤ ተቀምጣ የተባለውን አንድ በአንድ ትጽፋለች።

ክልከላው የመጣው በወፍ ጉንፋን ምክንያት ነው። ኤች5ኤን1 የሚባለው ቫይረስ በዋናው የአንታርክቲካ ምድር መግባቱ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 ነው። ቫይረሱ በወፎች ኩስ ይተላለፋል፤ ፔንጉዊን የሰፈረበት ዳርቻ ደግሞ በረዶው ራሱ በኩስ ቀልቶ ነው የሚገኘው። የጎማ ቦት ጫማ በወረዳችሁ በተመለሳችሁ ቁጥር በብሩሽ ተፈግፍጎ ቫይርኮን በሚባል ጀርም ገዳይ ፈሳሽ ውስጥ ይነከራል። የሱሪ ጉልበት ግን እንደዚያ አይታጠብም። ጠዋት አንዱ ደሴት ላይ የነካችሁትን ከሰዓት ሌላው ላይ ታራግፉታላችሁ።

ገለጻው እንዳለቀ የደላላውን ወረቀት ይዤ ወደ መሪዋ ሄድኩ። አንብባ ስትጨርስ ትንሽ ዝም አለች፤ ከዚያ የካቢናችንን ቁጥር ኮምፒውተሯ ላይ አስገባች። በእኛ ስም የተመዘገበው የአልጋ ዓይነትና የቦት ጫማ ቁጥር ብቻ ነው። ሰውየው ለመርከቡ አንዲት መስመር እንኳ አልጻፈም! በመርከቡ ኢንተርኔት ጻፍኩለት። «ያው ቆመህ ጠይቃት፣ ምን ችግር አለው?» የሚል መልስ መጣ። ከዚያ በኋላ የላክሁትን ሁሉ እያነበበ ዝም።

ወረቀቱ ላይ ያለው ቀሪው ነገርም ከዚያ አይሻልም። የጎማ ጀልባው፣ ዞዲያክ የሚሉት፣ አሥር ያህል ሰው ጭኖ በተራ ነው የሚመላለሰው። የአንታርክቲካ አስጎብኚዎች ማኅበር አባል የሆነ መርከብ በአንድ ቦታ በአንድ ጊዜ ከ100 ተሳፋሪ በላይ አያወርድም፤ 200 ሰው ከያዘ ግማሹ ሲወርድ ግማሹ ይጠብቃል። ታዲያ ለሁለት ሰው ብሎ ዳርቻ የሚዘጋ ማን ነው? አበባው የባሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ማድሪድ ላይ የተፈረመው የአካባቢ ጥበቃ ፕሮቶኮል ከሌላ ምድር የመጣ ተክል ያለፈቃድ ማስገባትን ይከለክላል። ከመውረዳችን በፊት የኪሳችን ስፌት ሳይቀር በቫኪዩም ተጠርጓል፤ አንዲት የሣር ፍሬ እንዳትገባ ማለት ነው። ምግብም ሻምፓኝም ወደ ዳርቻ አይወርድም። ለመዝናኛ ድሮን ማስነሣት ክልክል ነው። ከፔንጉዊን 5 ሜትር መራቅ ግዴታ ነው።

ኔኮ ሃርበርን በቀንና በሰዓት መሸጥ ራሱ ውሸት ነው። የት እንደሚወረድ የሚወስኑት ነፋሱና በረዶው ናቸው፣ ፕሮግራሙም በየቀኑ ይቀየራል። የመርከቡ ውል ላይም ካፒቴኑ መስመር ቢቀይር ገንዘብ እንደማይመለስ ተጽፏል። ኔኮ ላይ ቢወረድ እንኳ ፊት ለፊት ያለው የበረዶ ግግር እየተገመሰ ሲወድቅ ማዕበል ስለሚያስነሣ ውሃው ዳር ቆሞ ፎቶ መነሣት አደጋ ነው።

የሚያንገበግበኝ ይህ ሁሉ ማንም ሊያነበው በሚችል ቦታ የተጻፈ መሆኑ ነው። የጣቷን ልክ በድብቅ ሦስት ጊዜ ለካሁ፤ የመውረጃውን ሕግ ግን አንድ ጊዜ እንኳ አልፈለግሁም። ጓደኛዬ «መርከቡን ራስህ ጠይቅ» ብሎኝ ነበር፣ እኔ ግን ሰውየውን አመንኩ።

ይህን ያሰባችሁ ካላችሁ በቀጥታ ለመርከቡ ጻፉ፤ ከተሳፈራችሁ በኋላም ለጉዞ መሪው በግል ንገሩ። የመርከቡ ወለል ላይ መንበርከክ አይከለከልም፤ መርከቡ ሌሜር መተላለፊያ የሚባለውን ጠባብ የባሕር መስመር ሲያልፍ ፊተኛው ወለል ላይ ቦታ ይዘው ሊያመቻቹላችሁ ይችላሉ፣ እኛን ምንም አላስከፈሉንም። ጣት በብርድ ስለሚኮማተር ቀለበቱ ይላላል፤ ጣቷ ላይ ካሰራችሁላት በኋላ ጓንት ከላዩ ይደረግ፣ ዞዲያክ ላይም ይዛችሁት አትውጡ። ክፍያ በካርድ ይሁን። እኔ ዜል በሚባለው የአሜሪካ ባንኮች ገንዘብ መላኪያ ነው የላክሁት፤ ባንኩ «ራስህ ፈቅደህ ነው የላክኸው» ብሎኛል።