«የቀለበቶቹ ጌታ»፦ አንድ ክረምት ከመጽሐፉ፣ ሦስት ምሽት ከፊልሞቹ ጋር

የጄ. አር. አር. ቶልኪንን «የቀለበቶቹ ጌታ» እንደ ብዙዎቹ እኩዮቼ መጀመሪያ ያወቅሁት በፊልም ነው። ከሰፈራችን ቪዲዮ ቤት የተከራየነውን ዲስክ ከታላላቆቼ ጋር ሌሊቱ እስኪጋመስ አየሁና፣ ታሪኩን ጨርሼ ያወቅሁት መስሎኝ ለዓመታት ኖርሁ። ባለፈው ክረምት ግን መጽሐፉን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አነበብሁት፤ እንደ ጨረስሁም ሦስቱን ፊልሞች በረዥሙ ቅጂያቸው በሦስት ተከታታይ ምሽቶች ደግሜ አየኋቸው። ሁለቱን እንዲህ ጎን ለጎን ካስቀመጥሁ በኋላ የታዘብሁትን እዚህ እጽፋለሁ። ታሪኩ ባጭሩ፣ ሆቢት ከሚባሉት ቁመተ አጭር ሕዝቦች ወገን የሆነው ፍሮዶ፣ ከዘመዱ ከቢልቦ የወረሰውን ክፉና ኃያል ቀለበት በጠላት ምድር በሞርዶር ባለው እሳተ ገሞራ ጥሎ ለማጥፋት፣ ከአገልጋዩ ከሳምና ከሌሎች ጋር የሚያደርገው ጉዞ ነው። የታሪኩን ፍጻሜ ስለማልደብቅ፣ ምንም ሳያውቅ ማንበብ የሚፈልግ ሰው መጽሐፉን አስቀድሞ ቢጨርስ ይሻለዋል።

መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1954 እና በ1955 በሦስት ቅጽ ታተመ። ቶልኪን የጻፈው አንድ ልቦለድ ሲሆን፣ በሦስት የተከፈለው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በነበረው የወረቀት ውድነት ምክንያት ነው። ዛሬ በአንድ ጥራዝም ተጠቃልሎ ይሸጣል። እኔ ያነበብሁት ይህ ጥራዝ ከሺህ ገጽ በላይ ያለው፣ ፊደሉ ደቃቅ፣ ጋደም ብሎ ለሚያነብ ሰው ክንድ የሚያዝል ነው፤ እንደገና ብገዛ ሦስቱን ቅጾች ለየብቻ እመርጣለሁ። የሚገዛ ሰው ካርታው መኖሩን ሳያረጋግጥ ገንዘቡን አይክፈል፤ መንገደኞቹ የት እንደ ደረሱ ለማየት ወደ ካርታው መመላለስ የንባቡ ትልቅ ደስታ ነውና። ፒተር ጃክሰን በኒውዚላንድ የሠራቸው ፊልሞች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2001፣ በ2002 እና በ2003 ለእይታ በቁ፤ ሦስተኛው የታጨባቸውን 11 የኦስካር ሽልማቶች በሙሉ ወሰደ። በሲኒማ ቤት የታዩት ቅጂዎች በድምሩ ከ9 ሰዓት በላይ ይፈጃሉ፤ ረዥሞቹ ቅጂዎች ከ11 ሰዓት በላይ ናቸው።

ሰዎች መጽሐፉንና ፊልሙን ሲያወዳድሩ ብዙውን ጊዜ የተቀነሱትንና የተጨመሩትን ትዕይንቶች ይቆጥራሉ። እኔን ያስደነቀኝ ግን የጊዜው ጉዳይ ነው። በፊልሙ ቢልቦ ልደቱን አክብሮ ከተሰወረ በኋላ ፍሮዶ ቀለበቱን ይዞ እስኪወጣ ያለው ጊዜ አጭር ይመስላል፤ በመጽሐፉ ግን በሁለቱ መካከል 17 ዓመት ያልፋል፤ ፍሮዶም ከአገሩ የሚወጣው በ50 ዓመቱ፣ ቤቱን ሸጦ፣ ጎረቤቶቹን ሳያስጠረጥር ቀስ በቀስ ተዘጋጅቶ ነው። የሚሰደድ ሰው የቤቱን ግድግዳ ለመጨረሻ ጊዜ እንዴት እንደሚያይ የሚያውቅ አንባቢ እነዚያን ገጾች ቸኩሎ አያልፋቸውም። ከዚያም በኋላ ደራሲው መንገዱን ቀን በቀን ይቆጥራል፤ ፍሮዶን የሚያጅበው ማኅበር ከጠቢቡ ከኤልሮንድ ቤት የሚነሣው ዲሴምበር 25፣ ቀለበቱ የሚጠፋው ደግሞ ማርች 25 ነው። አጥባቂ ካቶሊክ የነበረው ቶልኪን ይህን ቀን በዘፈቀደ የመረጠው አይመስለኝም፤ በምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን የብሥራት በዓል የሚውልበት ቀን ነው፤ በጥንቱ የዩልዮስ አቆጣጠርም የእኛው በዓለ ትስብእት ከሚከበርበት ከመጋቢት 29 ጋር አንድ ነው። በፊልሙ ቀኖቹ አይታወቁም፤ መንገደኞቹ ከአንዱ አስደናቂ ስፍራ ወደ ሌላው የሚደርሱ ይመስላሉ እንጂ እግራቸው አይደክምም።

ከጊዜው ጋር አብሮ የሚሄደው አለማወቅ ነው፤ መጽሐፉ ከፊልሙ በእጅጉ የሚበልጠውም እዚህ ላይ ነው። ሁለተኛው ቅጽ የሚያበቃው ፍሮዶ በጠላት ወታደሮች ተማርኮ፣ ሳም ከተዘጋው በር ውጭ ቀርቶ ነው። ከዚያ በኋላ ቶልኪን ወደ ሌሎቹ ይሻገርና የከተማይቱን መከበብ፣ የፈረሰኞቹን መድረስ፣ የንጉሡን መውደቅ፣ የቁስለኞቹን መዳን ይተርካል፤ በዚህ ሁሉ ምዕራፍ ፍሮዶ ከተማረከ በኋላ ምን እንደ ደረሰበት አንዲት ቃል አይተነፍስም። በመጨረሻም የጥቂቶቹ ሠራዊት በሞርዶር በር ላይ ሲቆም የጠላት መልእክተኛ ይወጣና የሳምን ሰይፍ፣ አንድ ግራጫ ካባና የፍሮዶን የብር ጥሩር አንድ በአንድ ያሳያቸዋል። ከሠራዊቱ ጋር ያለው አስማተኛው ጋንዳልፍ የሚያውቀው ያን ያህል ብቻ ነው፤ አንባቢውም የሚያውቀው ያን ያህል ብቻ ነው። ታሪኩ በምን እንደሚያልቅ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቅ ሰው ሆኜ ሳለ፣ እዚያ ገጽ ላይ መጽሐፉን ከድኜ ለጥቂት ደቂቃ ዝም ብዬ መቀመጤን አልረሳውም። ፊልሙ ሁለቱን መንገዶች እያፈራረቀ ስለሚያሳይ ይህ ፍርሃት ሊኖረው አይችልም። በሲኒማው ቅጂ መልእክተኛው ጭራሽ የለም፤ በረዥሙ ቅጂ ቢመጣም፣ ፍሮዶና ሳም በሞርዶር ውስጥ ሲጓዙ አስቀድመን ስላየናቸው ውሸቱ አያስደነግጠንም።

ፊልሞቹ ደግሞ መጽሐፉ ያልደረሰበት የደረሱባቸው ቦታዎች አሉ፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ አድልዎ ይሆንብኛል። ከማኅበሩ አንዱ የሆነው ጦረኛው ቦሮሚር በመጽሐፉ የሚሞተው ከአንባቢ ዓይን ርቆ ነው፤ የጉዞ ባልንጀራው አራጎርን ሲደርስ በፍላጻ ተወግቶ ዛፍ ተደግፎ ያገኘዋል። ጃክሰን ግን ያን ሞት የመጀመሪያው ፊልም መደምደሚያ አድርጎ፣ አንድ የተሳሳተ ሰው ሁለቱን ወጣት ሆቢቶች ለማዳን ደጋግሞ እየተወጋ ሲነሣ ያሳየናል፤ ስመለከተው እንባዬን መቆጣጠር አልቻልሁም። የእርዳታ ጥሪ እሳቶቹም በመጽሐፉ ሆቢቱ ፒፒን ከፈረስ ላይ ሆኖ በጨረፍታ የሚያያቸው ብቻ ሲሆኑ፣ በፊልሙ ከተራራ ተራራ ሲቀጣጠሉ የሃዋርድ ሾር ሙዚቃ አብሮ ይወጣል፤ በቃላት የተጻፈ አንድም ገጽ ይህን ሲያደርግ አላየሁም። ለዓመታት የቶልኪንን ዓለም ሲስሉ የኖሩት አለን ሊና ጆን ሃው በንድፉ መሳተፋቸው በእያንዳንዱ በርና ዓምድ ላይ ይታያል። አንዲ ሰርኪስ የተጫወተው፣ ቀለበቱን ከቢልቦ በፊት ይዞት የነበረው ፍጡር ጎለምም ከዚያ ወዲህ መጽሐፉን በማነብበት ጊዜ ሁሉ በጆሮዬ የሚሰማኝ ድምፅ ሆኖ ቀርቷል። በመጽሐፉ ሆቢቶቹን የሚያስጠልለው የጫካው ሰው ቶም ቦምባዲል ከፊልሙ በመቅረቱ ብዙ አንባቢ ይቆጫል፤ እኔ አልቆጨኝም።

የሚያስቆጨኝ የሰዎቹ ጠባይ መለወጡ ነው። በመጽሐፉ የቦሮሚር ወንድም ፋራሚር፣ ፍሮዶ የያዘው ምን እንደ ሆነ ከማወቁ በፊት መንገድ ላይ ወድቆ ቢያገኘው እንኳ እንደማያነሣው ይናገራል፤ ካወቀ በኋላም ቃሉን አያጥፍም፤ ስንቅ ሰጥቶ ያሰናብታቸዋል። በፊልሙ ግን ቀለበቱን ለአባቱ ሊወስድ ሁለቱን ሆቢቶች አስሮ ይጎትታቸዋል፤ ሐሳቡን የሚለውጠው በኋላ ነው። ፊልም ሠሪዎቹ ምክንያት አላቸው፤ ሁሉን የሚያሸንፍ የተባለውን ቀለበት አንድ ሰው በቀላሉ ቢተወው ተመልካቹ ቀለበቱን መፍራቱን ይተዋል ብለው ሰግተዋል። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ነገር ግን ሳይፈተን በፊት ራሱን ያወቀና ያስገዛ ሰው በዓለም ላይ እንዳለ ቶልኪን ሊነግረን የፈለገው በዚህ አንድ ሰው በኩል ነበር።

በእሳተ ገሞራው አፍ ላይ የሆነውም እንዲሁ ነው። በሁለቱም ፍሮዶ በመጨረሻዋ ሰዓት ተሸንፎ ቀለበቱ የእኔ ነው ይላል፤ ጎለምም ጣቱን ነክሶ ይነጥቀዋል። በመጽሐፉ ጎለም በደስታ እየጨፈረ ሳለ ራሱ አዳልጦት ይወድቃል፤ የጣለው ሰው የለም። ቢልቦም ፍሮዶም ሳምም በየተራቸው ሊገድሉት ሲችሉ ራርተው ስለ ተዉት ብቻ እዚያ ተገኝቷል፤ ዓለሙን ያዳነው ያ ምሕረት ነው። በፊልሙ ፍሮዶ ተነሥቶ ይታገለዋል፤ የጎለም መውደቅ የትግል ውጤት ሲሆን የምሕረቱ ነገር ይደበዝዛል። ጥቂት ሰከንዶች የማይፈጅ ለውጥ ቢሆንም የታሪኩን እምብርት የነካ ስለሆነ ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ ይከብደኛል።

ለመግዛት ለሚያስብ ሰው ስለ ቋንቋው ልናገር። እንግሊዝኛው ከባድ ነው፤ ለሁለተኛ ቋንቋ አንባቢ መዝገበ ቃላት የሚያስፈልግባቸው ገጾች ብዙ ናቸው፤ የኤልሮንድ ጉባኤ የሚተረክበት ረዥም ምዕራፍም ትዕግሥት ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ1937 በታተመው «ሆቢት» መጀመር ይረዳል፤ ዘፈኖቹንም ከመዝለል ይልቅ ድምፅን ከፍ አድርጎ ማንበብ ይሻላል። ቃላቱ እንዲህ ሥር የሰደዱት ቶልኪን በኦክስፎርድ የጥንታዊ እንግሊዝኛ ፕሮፌሰር ስለ ነበረ ነው። ከጥናቶቹ አንዱ፣ እ.ኤ.አ. በ1932 እና በ1934 በሁለት ክፍል የወጣው፣ የጥንት እንግሊዛውያን ኢትዮጵያውያንን የጠሩበትን «ሲገልሐርዋን» የሚለውን ስም ይመረምራል፤ የቃሉን መጀመሪያ ከፀሐይና ከዕንቍ፣ መጨረሻውን ከፍም ጋር ያዛምደዋል። በሞሪያ ዋሻዎች ጥልቀት ጋንዳልፍ የሚገጥመው ባልሮግ የተባለው የእሳት ፍጡር የዚህ ምርምር ፍሬ እንደ ሆነ የሚያምኑ ምሁራን አሉ። አያቶቻችንን ከመጻሕፍት በቀር አይተዋቸው የማያውቁ የሩቅ አገር ሰዎች የሰጡን ስም እስከዚህ ልቦለድ መድረሱን ሳውቅ ያን ምዕራፍ እንደገና አነበብሁት። ፊልሙን ላየ ሰው ሁሉ መጽሐፉን እንዲገዛ እመክራለሁ፤ ሁለቱንም ለማያውቅ ደግሞ ንባቡ ይቅደም፤ የተዋናዮቹ ፊት አንዴ ከገባ ከአእምሮ አይወጣምና።

ፊልሙን ይቅር ለማለት ያቃተኝ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም አገር ቤት የሚጠብቃቸውን ማስቀረቱ ነው። በፊልሙ አራቱ ሆቢቶች ሲመለሱ አገራቸው ሻየር እንደ ትናንቱ ነው፤ መጠጥ ቤት ገብተው ማንም ሳያስተውላቸው ዝም ብለው ይቀመጣሉ። ትዕይንቱ ራሱ መልካም ነው። በመጽሐፉ ግን ቀዬአቸውን የሚያገኙት ዛፉ ተጨፍጭፎ፣ ወንዙ ቆሽሾ፣ ጎረቤቶቻቸው ታስረው፣ ክፉው አስማተኛ ሳሩማን በፍሮዶ የቀድሞ ቤት ተቀምጦ ነው። ጋንዳልፍ አብሯቸው የለም፤ ራሳቸው ሕዝቡን አስተባብረው ይዋጋሉ፤ 19 ሆቢቶችም ይሞታሉ። ቶልኪን በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በሶም ግንባር የተዋጋ፣ እ.ኤ.አ. እስከ 1918 ድረስ ከቅርብ ወዳጆቹ ከአንዱ በቀር ሁሉንም ያጣ፣ በልጅነቱም ያደገበት ገጠር ሲጠፋ ያየ ሰው ነው፤ ይህን ምዕራፍ የጻፈው በዚያ እጅ ነው። በጉዞው ያስተናገደቻቸው እመቤት ጋላድሪኤል በመንገድ ላይ ለሳም የሰጠችው ትንሽ ሣጥን አፈርም ጥቅሙ የሚታወቀው እዚህ ሲደርስ ነው፤ ሳም ዛፎቹ በተቆረጡበት ሁሉ እየዞረ ያን አፈር ቁንጥር ቁንጥር እያደረገ ይበትናል፤ በውስጡ የነበረችውን አንዲት ዘርም ትልቁ ዛፍ በነበረበት ቦታ ይተክላታል። በፊልሙ ሳም የሚቀበለው ገመድ ነው። ሁለቱም ሳም ፍሮዶን በባሕር ሸኝቶ፣ ወደ ቤቱ ገብቶ «በሉ፣ ተመለስሁ» ሲል ያበቃሉ፤ በመጽሐፉ ግን ያ ቤት የሚገኘው ሳም በገዛ እጁ መልሶ ባለመለማት መንደር ውስጥ ነው።